ውሃ ቀጂዋ ዲሬክተር

ካምባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ደግፌ፣

ቁጣህ በቅቤ ነጋዴዎቹ እጅ ከነትኩሳቱ ደረሰኝ። ጤናህን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ እንዲህ የሚቆጣ ሰው ግን ጤነኛ ነው ብዬ ተውኩት። እናትህ እማማ ወርቂቱስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

ይቅርታ አድርግልኝ። እመጣለሁ ብዬ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ሉሊት ቀኑን ሙሉ ከበር ላይ አልነሳም አለች ያልከውን ሳነብ አንጀቴ ተቆርጧል። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ትቼ ተራራ ላይ መቀመጤ ለእኔም ደስታ አይደለም። ግን ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። ክፍሎቹ አሉ፣ ደወሉ አለ፣ መምህራኑ አሉ፤ ተማሪ የለም።

ምን አደረግሻቸው ላልከኝ፣ ይኸው ልንገርህ። እዚህ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ውሃ የሚጠጡት በአንድ ጣሳ ነው። ተረኛ ተማሪ ከምንጭ ቀድቶ እንስራውን ይሞላል፣ ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሻሺቱ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለችኝ፤ የሸክላ ሠሪዎች ልጅ ናት። አገሩ እነሱን የሚጠራበትን ስም አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አልጽፈውም። እሷ ጣሳውን አትነካም። ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ተረኛው ከላይ ያንቆረቁርላታል። ራሷ ተረኛ ሆና አታውቅም።

ይህን ባየሁ ጊዜ ደሜ ፈላ። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ እንደተሰቀለ ልጅቷን ከሰልፉ አወጣኋትና ጣሳውን ሰጥቼ «ጠጪ» አልኳት። ጠጣች። ቀጥሎ ሁሉም በተራ በዚያው ጣሳ እንዲጠጣ አዘዝኩ። «የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው!» አስባልኳቸው፤ ጮኹ። እኔም ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቢሮዬ ገባሁ።

ማክሰኞ ከመምህራኑ ልጆች በቀር ዝር ያለ የለም። ወላጆቹ ከለከሏቸው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሻሺቱም አለመምጣቷ ነው።

አንተ የዚህ ደጋ ልጅ ነህ። እኔ አባቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ ቆላ የወለደኝ ነኝ፤ የአገሩን ወግ ከአንተ ነው የለመድኩት። ከተጋባን ጀምሮ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቀርከሃ ቤቱ፣ ስለ አያትህ ጦር ስትተርክልኝ ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክም። ለምን?

ዝውውሩ አልተሰረዘም። ትምህርት ቤቱ በደህና ሁኔታ ላይ ከተገኘ ዓመቱ ሲያልቅ የአርባ ምንጩን የምክትልነት ቦታ እንደሚሰጡኝ ቃላቸው ቃል ነው። ባዶ ክፍል ይዤ ግን ማን ያዛውረኛል?

ሉሊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

አገርነሽ

* * *

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለጓድ ዲሬክተር አገርነሽ፣

እንዲህ ስልሽ እንደምትናደጂ አውቄ ነው። እኛ ደህና ነን። ሉሊትን ትንሽ አተኩሷት ነበር፤ አሁን ተነስታ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ከሚጭኑት ሰዎች ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ እንዳትጠይቂኝ።

ለምን አልነገርከኝም ላልሽው፣ አፍሬ ነው። ምን ብዬ ልንገርሽ? እናቴን ታውቂያታለሽ። ጸሎት ቤት «ሁላችን በጌታ አንድ ነን» ሲባል እንባዋ ይወርዳል። ቤቷ ስትገባ ግን ሸክላ ሠሪ አፉን ባስነካው ዕቃ አትጠጣም። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳት። «ጌታ ይወዳቸዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ መብላት ግን ሌላ ነው» አለችኝ። አሁን ጸሎት ቤቱም ተዘግቷል፤ የቀራት «መብላት ሌላ ነው» የሚለው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለሙሽራ ይነግሯል እንዴ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የወረዳችሁ ካድሬ ጓድ ካሱ ለስብሰባ ወርዶ እኛ መሥሪያ ቤት ብቅ ብሎ ነበር። «ባለቤትህ እሺ ትበለኝ እንጂ ክፍሎቹን ባንድ ሳምንት እሞላላታለሁ» አለኝ። አብዮት ጥበቃ ያሰማራል፤ ልጁን የደበቀ አባት ይታሰራል፤ አለቀ። ሪፖርትሽ ያምራል፣ አንቺም ቤትሽ ትገቢያለሽ።

አገሬ፣ እሺ በይው። ክፉ ነገር አድርጉ ብሎ አይደለም እኮ የሚያስገድዳቸው። አንቺ ያልሽውን ያንኑ እኩልነት ነው። ኮሶም የሚጠጣው አፍንጫ ተይዞ ነው፤ ጠጥቶ የዳነ ሰው ደግሞ አይቀየምም።

ልጅሽ እናት ትፈልጋለች። እኔም ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። የደረቀ የሃላኮ ቅጠል ለወጥሽ ልኬልሻለሁ፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ቆላን እንድታስታውሺበት።

ደግፌ

* * *

ካምባ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ደግፌ፣

እሺ አላልኩትም። ከቁጣህ በፊት ምክንያቴን አንብብልኝ።

ጓድ ካሱ ራሱ መጥቶ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ የምር ሊረዳኝ ነው የፈለገው። ሲናገር ስሰማው ግን የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝ። ያን ሰኞ እኔ ያደረግኩት በምን ይለያል? እሱ ጠመንጃ ያዥ አለው፣ እኔ ፊሽካ አለኝ። ደግሞስ አባቱ ታስሮበት ክፍል የገባ ልጅ ሻሺቱን በምን ዓይኑ ነው የሚያያት? «አባቴን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ» ነው የሚላት። ክፍሉ ይሞላል፤ ልጅቷ ግን አለቀላት።

ስለዚህ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቦታ ሄድኩ። የሻሺቱ ቤት ከመንደሩ ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እናቷ ጭቃ እየረገጠች አገኘኋት። በዚያ በተሰባበረ ጋሞኛዬ ልጅቷ ለምን ቀረች አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ እሷ ጠየቀችኝ፤ «ያን ቀን ትጠጪያለሽ ወይ ብለሽ ልጄን ጠይቀሻት ነበር?»

አልጠየቅኳትም ደግፌ። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ማወቅ ትዝ አላለኝም። ሁለት መቶ ዓይን ፊት ያቆምኳት ለእሷ ብዬ መስሎኝ ነበር፤ ለመፈክሬ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው፤ ለእናቲቱም፣ በር ጥግ ለተሸሸገችው ለሻሺቱም። እናቲቱ ወደ ጓዳ ገባ ብላ ቆጮ አቀረበችልኝ። ይመስለኛል ልትፈትነኝ ነው። በላሁ። እንዲያውም ደገምኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ስወጣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አይተውኛል። ይዩኝ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ዱቡሻ እቀርባለሁ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበትን ሜዳ መቼም ለአንተ አላስረዳም። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ኦይታ ቀን አስይዘውልኛል።

ስለ ሉሊት «ሌላ ጥያቄ እንዳትጠይቂኝ» ያልከው ሰላም ነሳኝ። ወባ ነው? እውነቱን ጻፍልኝ፤ እዚህ ሆኜ የባሰውን እያሰብኩ ነው።

አገርነሽ

* * *

አርባ ምንጭ፣ ጥር 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

አገርነሽ፣

አዎ፣ ወባ ነበር። ክኒኗን ጨርሳ ድና ነው የጻፍኩልሽ። እዚያ ሆነሽ ከመጨነቅ በቀር ምን ልታደርጊላት ነበር? ደብቄሽ ከሆነ አዝኜልሽ ነው፤ ከዚህ በኋላ አልደብቅሽም፤ እነሆ አሁኑኑ እጀምራለሁ።

የቅቤ ነጋዴዎቹ ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚጭኑት፤ ወሬም ይጭናሉ። የበላሽው ቆጮ ከደብዳቤሽ ቀድሞ ቤታችን ደርሷል። እናቴም ሰማች። በማግስቱ የላክሽውን ገብስ አውጥታ ለማታውቀው መንገደኛ ሰጠችው። ከዚያ «የአገርነሽ እጅ ከእንግዲህ ለልጄ ልጅ አያጎርስም። ሉሊትም ወደዚያ አትወጣም» አለችኝ። ተይ እናቴ አልኳት። «አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፣ እሷንም እኔ ነኝ የማሳድጋት» አለች። እንግዲህ ምን ላድርግ? እናቴ ናት፤ ሉሊትን ቀን ቀን የሚይዝልኝም ሌላ ሰው የለኝም።

ይህ አልበቃ ብሎ ጓድ ካሱ ለአለቆችሽ ሪፖርት ጽፏል አሉ። «የመንግሥት ዲሬክተር ሆና አድኃሪ ሽማግሌዎች ፊት ተንበረከከች» ብሎ። ሐሰት ነው ብዬ ተሟገትኩልሽ። ሐሰት ነው አይደል? አገሬ፣ ተንበርክከሻል?

ደግፌ

* * *

ካምባ፣ ጥር 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ደግፌ፣

አዎ፣ ተንበርክኬአለሁ። የተሟገትክልኝን መልሰህ ውሰድ፤ እግዜር ይስጥልኝ ግን።

የእማማን ቃል ሳነብ አለቀስኩ። አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ መልሼ አለቀስኩ። ከሆዴ የወጣችውን ልጅ በእጄ አላጎርስም? አንተም «ምን ላድርግ» አልክ። ብዙ ክፉ ቃል ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ የምታነበው ሦስተኛው ነው።

ስለ ዱቡሻው። እርጥብ ሳር ይዤ ሄድኩ፤ በአገራችሁ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ የሚያልፍ የለም ብለህ ያወራኸኝን አስታውሼ። «ልጆቻችሁን ሳላማክራችሁ አዝዣለሁ፤ ለዚህ ይቅር በሉኝ» አልኩ። አቶ ኦይታ ተነሱ።

«በእኛ አገር ሀላቃ የሚባል ሹም ነበረ፤ አሁን ቀርቷል» አሉ። «ሰው ሀላቃ ሁን ሲባል ደስ አይለውም። ከብቱን አርዶ፣ ጎተራውን ገልብጦ አገሩን ያበላል። አብልቶ ሲጨርስ ድሃ ነው። የሚከበረው ያኔ ነው። አንቺ ደመወዝ እየበላሽ አዘዝሽን እንጂ ምን አበላሽን?»

እውነታቸውን ነው። አፌ ግን መቼ አርፎ ይቀመጣል። «ሀላቃው አገሩን ሲያበላ ሸክላ ሠሪዎቹ የት ይቀመጡ ነበር?» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ኦይታ ዋሽተው ማለፍ ይችሉ ነበር። «ከአጥሩ ውጭ» አሉ።

የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው። የጋራ ጣሳ ቀርቷል፤ ልጅ ሁሉ የየራሱን ቅል ይዞ ይመጣል፣ ሻሺቱም የራሷን። እንስራው አንድ ነው። ውሃውን ከምንጭ የምቀዳውም፣ ለሁሉም በአንድ ሰልፍ የማድለውም እኔ ነኝ። «ዲሬክተር ውሃ ይሸከማል?» ብለው ሳቁ። «አላበላሽንም አላላችሁም? እንግዲህ አጠጣለሁ» አልኳቸው። እንስራውን ማን እንደሠራው ሁሉም ያውቃል። የእነ ሻሺቱ ቤት ሥራ ነው። ይህን ነገር ማንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

መጀመሪያ የአቶ ኦይታ የልጅ ልጆች መጡ። ከዚያ አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ፤ አሁን ከግማሽ በላይ ሞልተናል። ሻሺቱ ከሁሉም በኋላ መጣች። ሰልፉ መሐል ቆመች፤ ከኋላዋ ያለው ልጅ አልሸሸም። የምሥራች ብዬ የምጽፍልህ ይቺኑ ነው።

አንዳንድ ቀን አቀበቱን ስወጣ ይህ ሽንፈት ይሆን እላለሁ። የጋራው ጣሳ እንዲዞር ነበር የፈለግኩት፤ የየብቻ ቅል ሆነ። ሻሺቱ አሁንም ተረኛ አልሆነችም። ጀርባዬን ያመኛል፤ መምህራኑም «ጓድ ውሃ ቀጂ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ግን ልጆቹ ወደ እኔ የሚመጡት ተጠምተው ነው እንጂ ፈርተው አይደለም። ለጊዜው ይህን ይዤ እተኛለሁ።

ሉሊት ታማ ስትድን እንኳ አልነበርኩም። ይህን ራሴን ይቅር የምለው አይመስለኝም።

አገርነሽ

* * *

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

አገሬ፣

ለፋሲካ መጥተሽ ከተመለስሽ ጀምሮ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። በደህና ገብተሽ ይሆን? አቀበቱ ላይ ዝናብ አላገኘሽም?

እናቴ ሳህንሽን ለብቻ፣ በር አጠገብ ስታስቀምጥልሽ እኔ ዝም ብዬ ወጤን አጠቀስኩ። አንቺም በልተሽ ሳህንሽን አጠብሽ። ብትጮኺ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ወንድ ነኝ እያልኩ ከእናቴ ፊት አፌ መከፈት አቃተው። ሉሊት ግን ዝም አላለችም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ «እናቴ ምን አጥፍታ ነው ብቻዋን የበላችው?» እያለች እናቴን ትጠይቃለች። እናቴም «ልጅ አይጠይቅም» ትላታለች። በማግስቱ ደግማ ትጠይቃለች። በአንቺ ነው የወጣችው።

አሁን ደግሞ ክፉውን ዜና ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። የምክትልነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ዲሬክተርነቱንም ይወስዱብሻል፤ «ከአድኃሪ ልማድ ጋር ተደራድራለች» ተብሎ ነው። ደብዳቤው ሰኔ ላይ ይደርስሻል፤ እዚያው መምህርት ሆነሽ ትቀሪያለሽ። አለቆችሽ ዘንድ ሄጄ ክፍሎቹ ሞልተዋል እኮ አልኳቸው። «መሙላታቸው አይደለም፣ እንዴት እንደሞሉ ነው» አሉኝ።

ተናድጃለሁ፤ በአንቺ ግን አይደለም። ጓደኞቼ «ሚስትህ ውሃ ቀጂ ሆነች አሉ» ብለው ሲያላግጡብኝ፣ «አዎ፣ ሆነች» አልኳቸው። ሌላ ምን እንደምጨምር ጠፋኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የሚጨመር ነገር አልነበረውም።

ለክረምቱ ዕረፍት ነይ። እኔ በር አጠገብ ከአንቺ ጋር እበላለሁ።

ደግፌ

* * *

ካምባ፣ መስከረም 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ደግፌ፣

ደርሰዋል። አትጨነቅ፤ ሉሊትም እናትህም ደህና ናቸው፤ የእማማ ጉልበት ብቻ ትንሽ አብጧል።

ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እዚሁ ስላስቀሩኝ በር አጠገብ አብረን ሳንበላ ቀረን። እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ስወጣ ግን እናትህን በበቅሎ ላይ አየሁና ክው አልኩ። ሉሊትን ትልካለህ ብዬ እንጂ እሳቸው ራሳቸው ይዘዋት ይመጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። «ልጅቷ ጠዋት ማታ እናቴ ጋ ካልወሰድሽኝ ብላ ጆሮዬን በላችኝ። ትምህርት ቤት ስትገባ አይቼ እመለሳለሁ» አሉኝ። የራሳቸውን ድስት፣ የራሳቸውን ሳህን፣ የራሳቸውን ጣሳ ጭነው ነው የመጡት። ምድጃዬን ብቻ ተዋሱኝ።

አሁን የምሠራው በአንደኛ ክፍል መምህርነት ነው። አዲሱ ዲሬክተር አስናቀ የሚባል ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን አቶ ኦይታ እንስራውን አሳይተውት «ውሃ መሸከም የዲሬክተር ሥራ ነው» አሉት። ፊቱን ባየህ! የመንግሥት ደንብ መስሎት ተሸከመ። ከት ብዬ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። እሱ ያመጣል፣ ተረኛ ተማሪ ያድላል። ዘንድሮ ሻሺቱም ተራ ገብታለች፤ ጠይቀናት፣ እሺ ብላ። የእሷ ተራ በደረሰ ቀን ሳይጠጡ የሚውሉ ልጆች አሁንም አሉ። አናስገድዳቸውም።

ሰኞ ሉሊትን ከእኔ ክፍል አስገባኋት። የዚያ ሳምንት ተረኛዋ ሻሺቱ ነበረች። በዕረፍት ሰዓት ሉሊት እየሮጠች ሄዳ ሰልፉ ላይ ቆመች፤ ቅል ግን አልያዘችም፣ እኔም አላሰብኩበትም። ሻሺቱ ግራ ገባት። ከዚያ የራሷን ቅል ሞልታ ሰጠቻት። የእኛዋ ደግሞ የተጠማች ናት፣ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ዘወር ስል እማማ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

ምሳ ሰዓት ቤት ገባን። እማማ የእኔን ሳህን እንደ ልማዳቸው ለብቻው አስቀመጡ። የሉሊትን ሳህን አንስተው ቆሙ። መደበቅ አልፈለግኩም፤ «እማማ፣ ከሻሺቱ ቅል ጠጥታለች» አልኳቸው።

«አይቻለሁ። ዕውር አይደለሁም» አሉ።

እንግዲህ ወጉን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ከሸክላ ሠሪ ዕቃ የቀመሰ እሱም ለብቻው ነው የሚበላው። የልጅቷን ሳህን ወስደው ከእኔ ጎን አስቀመጡት። ይህን ሁሉ ወር ተቀይሜአቸው ኖሬ በዚያች ደቂቃ አዘንኩላቸው። የራሳቸውን ይዘው ወደ ምድጃው ጥግ ሲሄዱ ሉሊት ቀና ብላ አየቻቸውና፣

«አያቴ፣ ምን አጥፍተሽ ነው ብቻሽን የምትበይው?» አለቻቸው።

እማማ ሳህናቸውን እንደያዙ ቆሙ። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ሉሊትም መልስ ትጠብቃለች፤ ልጅ አይጠይቅም የሚላት ግን አልነበረም። ከዚያ እናትህ ቀስ ብለው ተመለሱ፤ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው በእኔና በልጅቷ መሐል ተቀመጡ። እህል አልቀመሱም። እኛ በልተን እስክንጨርስ ግን ከአጠገባችን አልተነሱም።

አገርነሽ